የሰዒዳ ጠረጴዛ የት ይቀመጥ

ሰኞ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2013፣ መቱ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለጥገናው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የበርና የመስኮት ልክ፣ ሁለተኛው ላይ የቀለም ዓይነት ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ አቶ ፋሲልን ማማት ስጀምር ለቢሮ እንደማይሆን ገባኝና ወደ ቤት ይዤው መጣሁ።

አቶ ፋሲል ጠዋት አስጠርተውኝ፣ «ሥራ አስኪያጅ ነኝ እላለሁ፤ ሠራተኞቼን የማውቃቸው ግን በድምፅ ብቻ ሆነ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኮሮና ሲገባ ሃያ ሦስታችንም ተበተንን። ግማሹ ሁሩሙ ማር መቀበያው፣ ግማሹ ኡካ ቡና መጋዘኑ፣ የቀረው ከነፋይሉ ቤቱ ገባ። ልንመለስ ስንል ደግሞ የዋናው መሥሪያ ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ በዚያው ቀረ። ግቢው ውስጥ የቀረነው እሳቸው፣ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ ተብዬዋ እኔና ዘበኛችን ጋሼ ጭምዴሳ ነን። ማርና ቡና መግዛቱን አላቆምንም። ግን ባለፈው ሳምንት ሦስት ሠራተኛ በየራሱ ሄዶ አንዱን ገበሬ ያንኑ ማር ጠየቀው። ገበሬው «እርስ በርሳችሁ አትተዋወቁም እንዴ?» ብሎ መለሳቸው።

ስለዚህ ቤቱ ይታደሳል። «ሰው ሲገባ ቤቴ መጣሁ እንዲል አድርጊው» አሉኝ። መስከረም 24 ሁሉም ይመለሳል፤ በየጣቢያው መሥራት ያበቃል። በዕለቱ ያልተገኘ ሥራውን እንደለቀቀ ይቆጠራል።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ሰዒዳ ትዝ አለችኝና ደስታው ከዳኝ።

ሰዒዳ የማር ጥራት ተቆጣጣሪያችን ናት። ማሩን አሽትታ ንቡ ምን አበባ እንደቀሰመ የምትናገር ሌላ ሰው የለንም። ለኔ ግን ከዚያ በላይ ናት። አባቶቻችን በሰባ ሰባት ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው ነው እዚህ አገር የሰፈሩት። አብረን አደግን፤ ዘጠኝ ዓመት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ገጥመን ሠራን። ባሏ መሀመድ ሰዒድ የድርጅቱ ሾፌር ነበር። አምና ሰኔ ላይ ሞተ። እሷም ወላጆቿ አጠገብ ሁሩሙ ገባችና ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ያኔ መሰብሰብ ክልክል ነበር፤ ለቅሶ አልደረስኩም። ክልክል ነበር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 28

ለሰዒዳ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳችም። ኔትወርክ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 1

አናጺው አራርሳ ከሁለት ሠራተኛ ጋር መጣ። ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የተላከልን ንድፍ ጠባብ ክፍሎቹን ሁሉ አፍርሶ አንድ ትልቅ አዳራሽ ያደርጋቸዋል፤ ጠረጴዛዎቹ ፊት ለፊት ይሆናሉ፣ ሥራ አስኪያጁም ከሰው ጋር ይቀመጣሉ። አቶ ፋሲል ይህን ሲሰሙ ትንሽ ፊታቸው ጠቆረ፤ በኋላ ግን «ይሁን፣ ከስልክ ይሻላል» አሉ።

ንድፉ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ። የሶር ወንዝን መንገድ የሚያየው የጥግ መስኮት አጠገብ፣ በመስታወት የተከለለ የብቻ ቦታ። ለሰዒዳ። ከደረሰባት በኋላ ጸጥታ ያስፈልጋታል፤ ማንም መጥቶ አይነዘንዛትም። ጠረጴዛዋ ከዋንዛ ይሆናል፤ ለሌላው ሁሉ ችፑድ ነው። አቶ ፋሲል «ለምን ለሷ ብቻ?» አሉኝ። «የማር ሽታ ከሰው ሽታ ጋር አይስማማም» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

ዝናብ። ቫርኒሹ አልደርቅ አለ። አራርሳ እሳት ለኩሼ ላድርቀው ይላል። ቤቱን ሊያቃጥልልኝ ነው። ሰዒዳ አላነሳችም።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 12

ሾፌሩ ኦሊ ከሁሩሙ የማር ናሙና ይዞ መጣ። ድሮ የመሀመድ ሰዒድ ረዳት ነበር፤ አሁን አይሱዙዋን የሚነዳው እሱ ነው። በየብልቃጡ ላይ የሰዒዳ ጽሑፍ አለ፤ የቀፎው ቦታ፣ ቀኑ፣ ደረጃው። በፊት ናሙና ስትልክ ከጥቅሉ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አይጠፋም ነበር፤ «ይሄን ብትቀምሺው ታብጃለሽ» የሚል፣ ወይም ስለ አለቃችን ቀልድ። ጥቅሉን ሁለት ጊዜ ፈታሁ። ምንም የለም።

የሰዒዳን የመመለሻ ደብዳቤ ለኦሊ ሰጠሁት። ወጥቶ ከጋሼ ጭምዴሳ ጋር ሲያወራ መስኮቱ ክፍት ነበር።

«መሲ በምን ፊቷ ነው የምትጠራት?» አለ ኦሊ።

ጋሼ ጭምዴሳ የመለሱትን አልሰማሁም። መስኮቱን ዘጋሁት። እኔ የጠራኋት በራሴ ነው እንዴ? ድርጅቱ ነው የጠራት። ማኅተሙም የድርጅቱ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 20

አራርሳ ዛሬ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቀለ። ከድሮ የስብሰባ ጥሪዎች ሥር አንድ ወረቀት ተጣብቆ ቀርቷል። አማርኛ ማንበብ ስለሚወድ ያገኘውን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል፤ የቀለም ቆርቆሮ ሳይቀር።

«ለሠራተኞች በሙሉ። ለቅሶ ቤት የሄደ ማንኛውም ሠራተኛ ለአሥራ አራት ቀን ግቢው ውስጥ እንደማይገባ እናሳውቃለን። ሰኔ 12 ቀን 2012። መሰረት አራጌ።» ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አየው። «እትዬ መሲ፣ ይቺ መሰረት አራጌ የምትባለው ከባድ ሴት ሳትሆን አትቀርም። የት ናት አሁን?»

«ለቃለች» አልኩት።

መሀመድ ሰዒድ የሞተው ሰኔ 11 ነው። ወረቀቱን ከአራርሳ ተቀብዬ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያንን ማስታወቂያ አቶ ፋሲል አዘዙኝ እንጂ እኔ ከራሴ አላመነጨሁትም። ደግሞም እናቴ አስም አለባት። በሽታው ቤቴ ቢገባ ማን ነበር የሚጠየቀው? ያኔ ሁሉ ሰው ፈርቷል። ዛሬ ሁሉም ጀግና ሆኖ ያወራል፤ ያኔ ግን በር ቆልፎ ነበር የሚያድረው።

ሁሉም አልቆለፈም። ጋሼ ጭምዴሳ በማግስቱ ወደ ሁሩሙ ሄደዋል። ሲመለሱ ማስታወቂያውን አሳየኋቸው። አነበቡት፣ «እሺ» አሉ፣ ካፖርታቸውንና ዱላቸውን ይዘው ወጡ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ፣ ዛፉ ሥር፣ ዝናብ እየመታቸው ግቢውን ጠበቁ። እኔ ጠዋት ጠዋት በመኪና በር በኩል ስገባ ከሩቅ እጅ ይነሱኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 3

አቶ ፋሲልን ጠየቅኳቸው። በቀጥታ አይደለም፤ የድሮ ማስታወቂያዎች ፋይል እያስተካከልኩ ነው በሚል።

«እኔማ 'ተጠንቀቁ' ነው ያልኩሽ» አሉኝ። «ከዚያ ወረቀቱን ለጥፈሽ አገኘሁት። ጎበዝ ናት፣ ከኔ ቀደመች አልኩ።» «ተመችቶኝም ነበር፤ እኔም እንዳልሄድ ምክንያት ሆነኝ» አሉና መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ።

ስለዚህ የኔ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ፈርቼ ነው የጻፍኩት፤ የኔን አለመሄድ ሕግ ላደርገው ብዬ ነው። ሁሉም ካልሄደ የኔ መቅረት አይታይም።

ክልከላው ሲነሳ አርባው አልፎ ነበር። አርባው ካለፈ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ እየቆየ በሄደ ቁጥር የባሰ አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 4 ቀን 2014

አዳራሹ አምሯል። ጣሪያው ከተጠገነ ወዲህ አንድ ጠብታ አላሳለፈም፤ ኮርኒሱ ነጭ፣ ግድግዳው ለስላሳ አረንጓዴ። ከመግቢያው ውጭ ቦቲ ጫማ ማጠቢያ አሠርቻለሁ፤ የመቱን ጭቃ ይዞ የሚገባ ካለ እኔ ራሴ አየዋለሁ። ሌላው ሁሉ ደብዳቤው ላይ ፈርሞ መልሷል። ከሰዒዳ የመጣ የለም።

የጥጉ መስታወት ዛሬ ተገጠመ። አራርሳ ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ተመለከተውና ራሱን ነቀነቀ።

«እዚህ የሚቀመጠው ሰው ታሞ ነው?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ማሎ፣ እባክዎ አይቆጡ። ሁሉም እዚያ አብሮ ነው፤ ይሄ አንዱ ብቻውን ታጥሯል። በሽታው የሚይዝ ከሆነ ልወቀው ብዬ ነው።»

ተቆጣሁት። የራስህን ሥራ ሥራ አልኩት። ሲወጣ ጋሼ ጭምዴሳ ገቡ፣ በመዳፋቸው መስታወቱን ነካ ነካ አደረጉ።

«ያ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሲሉኝ እንደዚያ ነው፤ «ይሄ ለሰዒዳ ነው አይደል?»

«አዎ ጋሼ። ጸጥ እንዲልላት ብዬ።»

«ሐዘን የገባበትን ሰው እኛ ብቻውን አንተወውም። እናንተም ወሎዎቹ አትተዉም። ይሄን ከየት አመጣሽው?»

 ስድስት ሳምንት ያሰብኩበት፣ ከሁሉ የተሻለ ያልኩት ቦታ ለካ አንድ ጊዜ ያደረግኳትን በመስታወት ደግሜ የሠራሁት ነው። ለሷ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጥግ ሆና የኔን ጠረጴዛ አታየውም። እሱንም አሁን ነው ልብ ያልኩት።

ሐሙስ፣ መስከረም 13

አራርሳ መስታወቱን አወለቀው። «ገጥሜ፣ አውልቄ» እያለ አጉረመረመ።

ማታ ለእናቴ ሁሩሙ ልሄድ ነው አልኳት። ያኔ ያልሄድኩት ለሷ አስም ፈርቼ እንደሆነም ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠች።

«በኔ ነው ያመካኘሽው?»

«ምክንያት አይደለም እማዬ፣ እውነት—»

«እኔ እኮ ሄጃለሁ። አንቺ ቢሮ ሳለሽ አፌን በነጠላ ሸፍኜ በሚኒባስ ሄድኩ። ሰዒዳ መሲስ የት ናት ስትለኝ ሥራ ይዟት ነው አልኳት። ዋሸሁልሽ።»

አሥራ አምስት ወር አንድ ቤት ስንኖር አልነገረችኝም። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም፤ የምትመልስልኝን ስለማውቅ ነው። ሽንኩርቷን አንስታ መክተፍ ቀጠለች። «ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ» አለችኝ በኋላ። «ዳቦ እደፋልሻለሁ። እዝን ከነጭራሹ ከሚቀር ይዘግይ።»

ማክሰኞ፣ መስከረም 18

የመስቀል ማግስት ሁሩሙ ሄድኩ። ከሚኒባሱ ወርጄ እስከ ሰፈሩ ድረስ ጭቃው እየያዘኝ፣ ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ፣ የምናገረውን እየደገምኩ ሄድኩ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት እንደዚያ መርበትበት ያሳፍራል።

ሰዒዳ ግቢው ውስጥ ቆማ የማር ማጣሪያ ጆንያ እያጠበች ነበር። ከስታለች። አየችኝና እጇን አደረቀች።

«ግቢ» አለች። ሌላ ምንም።

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ዳቦውን ተቀብላ አጠገቧ አኖረችው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። እሷ ጀመረች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ።

«ሦስቱንም ቀን ከጎኔ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አስቀረሁ። ሰው ሊቀመጥ ሲል ይሄ የመሲ ነው እላለሁ። አማቴ 'ማናት መሲ?' አለችኝ። እህቴ ናት፣ እየመጣች ነው አልኳት። በአራተኛው ቀን ኦሊ መጥቶ ማስታወቂያ ተለጥፏል አለኝ። ማን ፈረመው ስለው ዝም አለ። ገባኝ።»

«ሰዒዳ፣ ፈርቼ ነው።»

«ፈርተሻል። ማን ያልፈራ አለ? ጋሼ ጭምዴሳም ፈርተው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነው ያለቀሱት። አጥር እኮ ነበረን መሲ።»

ይቅር በይኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«እኔን ተይኝ። ያ ሰውዬ ስምንት ዓመት ዝናብ በጣለ ቁጥር እስከ ደጅሽ አድርሶሻል። አንድ ቀን ጃንጥላውን ላንቺ ሰጥቶ ራሱ ረጥቦ መጣና ተጣላሁት። ያላለቀሽው ለሱ ነው።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አሥራ አምስት ወር የት ተደብቆ እንደነበር አላውቅም፣ ጮኼ አለቀስኩ። ስሙን እየጠራሁ። አማቷ ከጓዳ ወጥታ «ማናት እሷ?» አለች። «መሲ ናት፣ መጣች» አለቻት ሰዒዳ። አላቀፈችኝም። አላባረረችኝምም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ፣ «አብሽሪ» አለችኝ። እኔ ልላት የሚገባኝን ቃል እሷ አለችኝ።

ስለ ቢሮው አነሳሁ። እስከ ሰኞ ካልመጣች ሥራዋን እንደምታጣ ነገርኳት፤ ጠረጴዛሽን የት ላድርገው ብዬም ጠየቅኳት።

«ጠረጴዛ አይደለም» አለች። «እዚያ ግቢ ሃያ ሰው አለ። መሀመድ ሰዒድን የማያውቅ፣ ያልጫነው፣ ያላደረሰው የለም። ከጋሼና ከኦሊ በቀር ማንም አላለቀሰለትም። እገባና ደህና አደራችሁ እላለሁ፤ እንደምን አደርሽ ይሉኛል። ከዚያ ምን እንሁን?»

 የመጨረሻው ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ ሸኘችኝ።

ሐሙስ፣ መስከረም 20

አቶ ፋሲል፣ «ሰዒዳ መልስ ስላልሰጠች የክፍት ቦታ ማስታወቂያ አዘጋጂ፤ ሰኞ ይለጠፋል» አሉኝ።

«አልጽፍም።»

ቀና ብለው አዩኝ። በአሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያልኩበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ እሳቸውም አይመስለኝም።

«አንዴ ጽፌያለሁ» አልኳቸው። «አሁን የሚጻፍ ከሆነ እርስዎ ይጻፉት። የኔንም መልቀቂያ አብረው ይለጥፉ።»  ከዚያ ሁሩሙ ሄጄ የሰማሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። አጥሩንም፣ ያስቀረችልኝን ቦታም።

አቶ ፋሲል ወደ አዲሱ ግድግዳ ዞሩ።

«ሲያመኝ ሌሊት ጎሬ ድረስ የወሰደኝ እሱ ነው» አሉ። ከዚያ፣ «አሁን ቢኬድ ትቀበላለች?»

«አላውቅም።»

«ለሁሉም ደውዪ» አሉኝ።

ቅዳሜ፣ መስከረም 22

ደወልኩ። የሚያቅማማ ይኖራል ብዬ ነበር፤ አንድም አልነበረም። አንዳንዱ ንግግሬን ሳልጨርስ «መቼ?» አለ። ለካ እያንዳንዱ የየራሱን እፍረት ይዞ ቤቱ ተቀምጧል።

የኡካዎቹም የሁሩሙዎቹም ትናንት ገብተው አደሩ። ጠዋት ሁላችንም በአይሱዙዋ ላይ ተጫንን፤ አቶ ፋሲል ጋቢና አልፈልግም ብለው ከኋላ ከኛ ጋር ተንገጫገጩ። ከመጋቢት 2012 ወዲህ ሃያ ሰው በአንድ ቦታ ስንሆን የመጀመሪያችን ነው። ለዚህ ቀን ብዬ አዳራሽ ቀለም ቀባሁ፣ ጫማ ማጠቢያ አሠራሁ፤ የተገናኘነው ግን መኪና ላይ፣ ሸራ ሥር ነው። ማንም ስለ ሥራ አላወራም።

ሁሩሙ ስንደርስ ከመንገዱ ጀምረን በእግራችን ሄድን። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ግቢው በር ስንደርስ ልቅሶው ተነሳ። ሰዒዳ ከቤት ወጣች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አየችን። አቶ ፋሲል ኮፍያቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ቆሙ። ጋሼ ጭምዴሳ በዚህ ጊዜ ከአጥሩ ውጭ አልቀሩም፤ ቀድመው ገብተው «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሏት።

ሰዒዳ እሳቸውን ስታይ አንድ ነገር የገባት መሰለች።

«ጋሼ፣ እርስዎም መጡ?» አለች። «ታዲያ ቢሮውን ማን ይጠብቃል?»

ተያየን። ማንም አላሰበውም ነበር። አራርሳ እንኳን መጥቶ ነበር፤ ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቀው።

«ማንም» አሉ ጋሼ ጭምዴሳ። «ቆልፌ መጣሁ።»

ሰዒዳ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ፣ ያን ጊዜ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ያዝኳት። ከባድ ነበረች፤ ሙሉ ክብደቷን ጣለችብኝ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥን። ስለ መሀመድ ሰዒድ ሁሉም የሚያውቀውን አወራ፤ የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር። ሰኞ ትመጪያለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ሌላም ሰው አልጠየቃትም። መኪናው ላይ ስንወጣ ግን ወደ ጋቢናው ጠጋ ብላ ኦሊን ስታናግር ሰማኋት።

«ሰኞ የሁሩሙዎቹን ልትጭን በስንት ሰዓት ነው የምትመጣው?»

«አንድ ተኩል።»

«አንድ ከሩብ ና። መንገዱ ጭቃ ነው።»

ሰኞ ከኦሊ ጋር ልወስዳት የምሄደው እኔ ነኝ። ነይ አላለችኝም፤ አትምጪም አላለችኝም።